ቁልቁለት ላይ የምትጮኸው ሚኒባስ

ባለፈው ክረምት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ የደረሰችኝ አንዲት ያረጀች ሚኒባስ ናት። ሰማዩ ወገራን አልለቅም ብሎ ይዘንባል። ገና ከከተማው ሳንወጣ አንድ ጠብታ ውሃ ማጅራቴ ላይ ጠብ አለ። ቀና ብዬ ሳይ የጣሪያው ልብስ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። ከእግሬ ሥር ደግሞ ያ ሽታ ተነሣ። የራሰ የመኪና ሞኬት ሽታ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ናፍጣ፣ የበሰበሰ ገለባና የሰው እግር አንድ ላይ ታሽቶ ሲሰነብት ማለት ነው። አፍንጫዬ ድሮ ነው የሞተው፤ ወጥ ሲያር እንኳ አይሸተኝም እያለች ሚስቴ ትስቅብኛለች። ይህን ሽታ ግን መቃብር ውስጥም ብሆን አውቀዋለሁ። መስኮቱን ከፈትኩት። «አባቴ፣ ዝጉት እንጂ! ከላይ የሚወርደው አነሰን?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛውን ሽቦ እንደሚያበላሽ አንድ በአንድ ልነግረው እችል ነበር። ዘጋሁትና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለኔ አዲስ አይደለም።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምለው፤ አሁን ዓይኔ ቀዩን ሽቦ ከቡኒው አይለይም፤ የዛሬ መኪናም ኮምፒዩተር ካልሰኩበት በሽታውን አይናገርም። ሙያውን የተማርኩት ወታደር ቤት ነው። ያ ጊዜ አልፎ ወታደሩ ሁሉ መሣሪያውን አስረክቦ በየአገሩ ሲበተን፣ እኔ ደባርቅ የገባሁት አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የጥይት ቀለህ ውስጥ አምፖል ገጥሜ የሠራኋትን መፈተሻ በኪሴ ይዤ ነው። ሌላ ንብረት አልነበረኝም። ከመንገዱ ዝቅ ብላ ባለች ቆርቆሮ ቤት ሥራ ጀመርኩ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ መኪና ሲመጣልኝ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ነው የሚቆመው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አዲ አርቃይ ድረስ መኪናው መብራት እምቢ ያለው ሰው ሁሉ «ጌታሁን ዘንድ ውሰዳት» ይባል ጀመር። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። ከዚያ ደረት ነው እንግዲህ ጣጣው ሁሉ የመጣው።

ደባርቅ ያኔ ሌላ ከተማ ነበረች። አስፋልት በወሬ ነው የምናውቀው፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ ሲጨመርበት በሃምሳ እንጠጣለን። ከመናኸሪያው ማዶ ባለችው ካሴት ቤት አንዱን ዘፈን ጠዋት ይከፍቱትና ክሩ እስኪበጠስ ያንኑ ያስጮኹታል፤ ሲበጠስ ቆርጠው አጣብቀው ይቀጥላሉ። ዘፈኑ መካከሉ ላይ ዝልል ይል ስለነበር እኛም ስናንጎራጉረው እዚያችው ቦታ ላይ እንዘልል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሙሉውን በሬዲዮ ስሰማው የጨመሩበት ነው የመሰለኝ። ቅዳሜ ገበያው ላይ ሰልባጅ ይዘረገፋል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ትከሻችን ላይ የፈረንጅ ካፖርት! የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ የመጡት ቱሪስቶች በቅሎ በሚጭንላቸው ሰው ላይ የአገራቸውን ካፖርት ሲያዩ ቆመው ይገረማሉ። አሁን ልጁ ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሶ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያልፋል። ባጃጁ ደግሞ! ሰው ከሰው ጋር መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም እንኳ እንዳይባባል አደረገን።

ደሴ የሐጂ ኑሩ ሚኒባስ ሾፌር ነበር። ሐጂ ኑሩ የዳባት ነጋዴ ናቸው፤ ገብስና ባቄላ ይሰበስባሉ፣ ጨርቅ ይሸጣሉ። ቃላቸው አጭር፣ ቆባቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሚኒባሷን ከጎንደር ሲያመጧት እሷም ወጣት አልነበረችም፤ ግን ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ በወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ተደርጎላት ስትገባ አገሩ ሁሉ ወጥቶ አይቷታል። ደሴም ለሷ ብሎ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ቡኒ የቆዳ ጃኬት፣ በኋላ ኪሱ ማበጠሪያ፣ በደረት ኪሱ ካሴት ማጠንጠኛ እርሳስ። ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ጡጥ አድርጎ ሰላም ካላለኝ ምሳ አይበላም። ወንድ ልጁ ሲወለድ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ «ጌታሁን» ብሎ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እሱም አበልጄ፣ እኔም አበልጄ። ሚስቱ ጥሩዬ ቤት ስገባ ተነሥታ ወንበር ትለቅልኛለች። ከሥጋ ወንድም የሚበልጥ ነገር ነው አበልጅነት፤ ለሚያውቅበት።

አንድ የጥምቀት ዋዜማ፣ ረፋዱ ላይ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። ታቦቱን አጅባ የምትሄድ መኪና ትፈለጋለች። ደሴ ሐጂን ሲያስፈቅዳቸው፣ «በዓላችሁ በዓላችን ነው፤ ውሰዷት። ብቻ ታጥባ ትመለስልኝ» አሉት። ማጉያውን ጣሪያዋ ላይ፣ ዕቃ ከሚጫንበት ፖርቶ መጋላ ላይ አሠርነው። ሽቦውን ከባትሪው ወደ ላይ ለመውሰድ ግን መንገድ አጣን፤ በመስኮት ቢወጣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይበጥሰዋል። በእጅ የምትዞረውን የብረት መብሻ ትራፓኖዬን ይዤ ጣሪያዋ ላይ ወጣሁ።

«አበልጄ፣ ለመብሳቱ ሐጂን ሳናስፈቅድ?» አለኝ ደሴ ከታች ሆኖ።

«የጣት ታህል ቀዳዳ ናት። ደፍኜ ቀለም ስቀባት መኪናዋ ራሷም አታውቃትም።»

«ክረምት ሲገባ ዝናብ ታስገባለች እንጂ!»

«እኔ የደፈንኩትን? ሂድ ወዲያ!»

ሳቀ። በማግሥቱ ደባርቅ በዝማሬ ተናወጠች፤ ጥሩዬ የክርስትና ልጄን በነጭ ልብስ አዝላ ከሚኒባሷ ኋላ ስትሄድ አሁንም ይታየኛል። በዓሉ ሲያልፍ ማጉያውን አወረድን። ሽቦውን መጎተት ሰለቸኝና ከጣሪያው ልብስ በላይና ከጎኗ ልባስ ውስጥ ያለውን ቆርጬ እዚያው ተውኩት፤ ቀዳዳውን በማስቲሽ ጠቅጥቄ ቀለም ለቀለቅሁበት። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር። ለሐጂ አልነገርናቸውም፤ የታቦት ነገር ነው፣ ማን ይቀየማል ብለን።

ክረምቱ ሲገባ ሐጂ በሳምንት ሁለት ቀን ሚኒባሷ ሊማሊሞን ወርዳ አዲ አርቃይ እንድትሠራ አዘዙ። ደሴ ሊማሊሞን አይወድም። ገና መንዳት ሲጀምር አንድ የጭነት መኪና ገደል ሲገባ በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ መታጠፊያው ሲጀምር ያማትባል፣ ተሳፋሪውንም አማትቡ ይላል። ሰው ሁሉ ይቀልድበታል። ሐጂንም ደጋግሞ «የጎንደሩን ልሥራ፣ ሊማሊሞን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» ይላቸው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያቺ ሚኒባስ መታመም የጀመረችው ሊማሊሞ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ጥቂት ወረድ እንዳለች ክላክሱ ማንም ሳይነካው ይጮሃል። ግራና ቀኝ ፍሬቻዋ አብሮ ይበራል፣ ይጠፋል። የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ መካከል ላይ ቀጥ ይላል። ያ ወፍራም ጉም ሲመጣ ደግሞ የፊት መብራቷ ድርግም! ደሴ ተሳፋሪውን አውርዶ በእግር እየመራ፣ ሲብስም አዙሮ ይመለሳል። ዳገቱን ወደ ደባርቅ መውጣት ስትጀምር ደግሞ ጸጥ ትላለች፤ ምንም እንዳልሆነች። «መኪናዋም እንደ ሾፌሯ ሊማሊሞን ፈራች» ተባለ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር።

እሑድ እሑድ ዳባት ወርጄ ሐጂ ግቢ ውስጥ እፈትሻታለሁ። ግቢው ደልዳላ ሜዳ፣ እሷ ከመጠለያ ሥር፣ ደርቃ። የክላክሱን ሽቦ ለወጥኩ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። ያረጀውን ሽቦ ሁሉ በናስትሮ ጠቀለልኩ። መፈተሻዬን በነካሁበት ሁሉ አምፖሏ ቦግ ትላለች፤ ሁሉም ደህና ነው። ማክሰኞ ሊማሊሞ ላይ ትጮሃለች። ደሴ ለመነኝ፤ «አንድ ቀን አብረኸኝ ውረድና በዓይንህ እይ» አለኝ። «ሽቦ ሽቦ ነው፤ ዳባትም ሆነ ሊማሊሞ ያው ነው» አልኩት። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፤ ደንበኛ ፊት አላወቅሁም ብዬ መቀመጥን ፈርቼ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አበልጄ፣ ያቺ ቀዳዳ ትሆን እንዴ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ጣሪያዋ ላይ ወጥቼ ከላይ አየኋት፤ ቀለሙ ያበራል። በጥፍሬ እንኳ ጫር አላደረግኋትም። «የኔን ሥራ ነው የምትጠረጥረው?» ብዬ ወረድኩ። አንድ ባልዲ ውሃ ጣሪያዋ ላይ ብደፋ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አንድ ባልዲ! የውሃ ጉድጓዱ እኮ እዚያው ግቢው ውስጥ ነበረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐጂ ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ ቀን ከሰዓት ደሴን፣ እኔንና ሦስት የአገር ሽማግሌዎችን ገብስ ማከማቻቸው ውስጥ ሰበሰቡን። ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሐጂ ነገሩን ሳያከሩ ተናገሩ፤ መኪናዋ ሁልጊዜ ደሴ በማይወደው መንገድ ላይ ብቻ ትበላሻለች፣ ሲመለስ ትድናለች፣ ሰውም ሆን ብሎ ሽቦ ይነቅላል እያለ ያወራል፣ እኔ ግን ሰው በወሬ አላባርርም አሉ። ደሴ ተነሣ። ጃኬቱን ቆለፈ። «ማርያም ደጃፍ ቆሜ እምላለሁ። እጄን አላስገባሁም» አለ።

«የለም ልጄ» አሉት ሐጂ። «ለቆርቆሮ ብዬ ሰው አላስምልም። መሐላ በናንተም በኛም ከባድ ነው። ባለሙያ አለን አይደል? ጌታሁን ያንተም ወዳጅ ነው፣ አበልጅህ ነው፤ አያዳላብህም። እሱ ይንገረን፤ እኔ በቃሉ አድራለሁ።»

ሽማግሌዎቹም «ደግ ብለዋል» አሉ። የኔ ቃል በመሐላ ፈንታ ገባ ማለት ነው። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ምን ነበረበት፣ «በሽታዋን አላገኘሁትም» ብል? ሦስት ቃል አይሞላም እኮ! ግን በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ከጎንደር መጥቶ ደባርቅ ላይ ሥራ ጀምሯል፤ ቁጥር የሚያወጣ አዲስ መፈተሻ አለው፤ ሁለት ደንበኞቼ ወደሱ ሄደዋል። አላገኘሁትም ያልኩ እንደሆነ ነገ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጌታሁን አለቀለት ይባላል። ይህ ነው ያስፈራኝ። ሌላ ሰበብ የለኝም፤ ሰበብ ልፈልግ ብዬ ስንት ዓመት ደክሜያለሁ። አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኩ፤ «ሽቦዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሽቦ ደግሞ ቦታ መርጦ አይበላሽም።»

ደሴ አድርጎታል አላልኩም። ማለትም አላስፈለገኝም። አንደኛው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀና «ገባን» አለ። ደሴ አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ስለ ቀዳዳዋ ሊናገር ነው አልኩ። አልተናገረም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከጎኔ ያለው ጆንያ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሐጂ «ደመወዙን አታጉድሉበት» ሲሉ ብቻ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን አዲሱ ሾፌር ሚኒባሷን እኔ ዘንድ አመጣትና «አይተሃት ልረከባት» ብሎ ሄደ። ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ በር ላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ቆመች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መሪው ሥር አጎንብሼ የፊውዙን ሳጥን ስከፍት እጄ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ቀጥሎ ሌላ። ክላክሱ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ፍሬቻዎቹ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም አሉ። ባትሪውን ነቅዬ የጣሪያውን ልብስ ገሸለጥኩት፤ አንድ ጆግ የሚሆን ውሃ ደረቴ ላይ ተደፋ። እዚያ አለች። የኔ ቀዳዳ። ማስቲሹ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ጣቴን ስሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። ቆርጬ የተውኩት የድምፅ ማጉያው ሽቦ ደግሞ ከሷ ተነሥቶ ወደ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ፊውዞቹ ድረስ ይወርዳል፤ ውሃውም እሱን ተከትሎ። ሜዳ ላይ ስትሆን ውሃው ልብሱ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ቁልቁለት ስትወርድ ወደ ፊት ይፈስሳል። ዳገት ስትወጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በቃ ይኸው ነው። ሊማሊሞን የፈራ የለም፣ እጁን ያስገባም የለም፤ ከኔ በቀር።

ተሳፋሪው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ ሥር ሞኬቱ ጭርቅ ጭርቅ ይላል፤ ያ ሽታ ያን ቀን ነው የገባብኝ። የደሴ ቤት ከኔ ቤት አሥር ደቂቃ አይወስድም። ሐጂም ሩቅ አይደሉም፣ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተነሣ አልኩት ራሴን። ደግሞ ምን ብዬ? ሳላስፈቅድ መኪናዎን በስቼ፣ ሥራዬን አበላሽቼ፣ ሽማግሌ ፊት ዋሽቼ፣ አበልጄን አስባረርኩ ልበል? ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ዝናቡ ያባራ፣ ልብሴ ይድረቅ አልኩ። እንግዲህ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ቆረጥኩ። ከላይም ከታችም አድርጌ በእርሳስ በየድኳት። ቀለም ቀባሁ። ያን ሽቦ ጎትቼ አውጥቼ እሳት ውስጥ ከተትኩት። በዕድሜዬ እንደዚያች ቀዳዳ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም።

መኪናዋ ዳነች። ሊማሊሞን ወረደች፣ ወጣች፣ በጉም፣ በዝናብ፤ አንዲት ቀን እንኳ አልጮኸችም። መዳኗ ነው ደሴን የገደለው። «አያችሁ? እሱ ሲወርድላት ዳነች!» አለ ሰው ሁሉ። እስከዚያ ድረስ የሚጠራጠርም የሚያዝንለትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደባርቅ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ በሩን ዘጋበት። አልጋውንና ሬዲዮውን ሸጦ ቆላ ወረደ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ። የቆዳ ጃኬቱንም ሸጦት ኖሮ አንድ ቅዳሜ ሌላ ሰው ለብሶት ገበያ ላይ አየሁት፤ ደሴ መስሎኝ መንገድ ቀየርኩ። ጥሩዬ ልጇን ይዛ ዳባት አባቷ ቤት ገባች። ሐጂ ሙያዬን አመስግነው አንድ ጆንያ ገብስ ላኩልኝ። በላሁት። አፈር ልብላና ከክረምት እስከ ክረምት በላሁት። ለፋሲካ ለክርስትና ልጄ ልብስ ገዝቼ ዳባት ላክሁ፤ ጥሩዬ ከነወረቀቱ፣ እንደታጠፈ መለሰችልኝ፤ መልእክትም የለው። የተቀየመች ሴት አድርጌ ቆጠርኩና ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ጎንደሬው ሠሪም ብዙ አልቆየ፣ ሄደ። ስሜ እንዳማረበት ኖርኩ። ሰው ሲያመሰግነኝ ፊቴን የማዞረው ትሑት ሆኜ የሚመስለው ስንቱ ነው!

ባለፈው ክረምት ዳባት የሄድኩት ሐጂ ኑሩ አርፈው ለቅሶ ልደርስ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀምጬ ቀና ስል ደሴ ነው። ጠጉሩ ጥጥ ሆኗል፣ ቆላ ፊቱን አክስሎታል፣ ዓይኑ ግን ያው ዓይኑ። ተነሥቼ ልሸሽ አልኩ። እሱ ግን «አበልጄ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ቤቴ። ቆላ ትራክተር ሲነዳ እንደኖረ፣ ወባ እንዳሰቃየው፣ ልጁ መምህር ሆኖ አግብቶ እንደወለደ፣ ጥሩዬ በስተርጅና ወደሱ እንደመጣችለት ነገረኝ። ላስባረሩት ሰው ለቅሶ ከዚያ ሁሉ አገር መምጣቱ ገርሞኝ ስጠይቀው፣ «ሐጂ ምን አጠፉ? በሰሙት ፈረዱ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አበልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርህ፤ ያቺ መኪና...»

«ተወው፤ አውቀዋለሁ» አለኝ። ድምፁን አላነሣም፤ የሰው ለቅሶ ላይ ነን። «ልሰናበትህ መጥቼ ነበር እኮ። የማግሥቱን አውቶቡስ ትኬት ቆርጬ፣ ሳልሰናበተው አልሄድም ብዬ። አጥርህ ጋ ስደርስ የመኪናዋ ጣሪያ ተገሽልጦ፣ ጣትህን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተህ አየሁህ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ልገባ አልኩና ደግሞ ተውኩት። የምሥራቹን እሱ ይዞልኝ ይምጣ፣ ደስታው የሱም ነው አልኩ። ቤቴ ሮጬ ሄድኩና ጥሩዬን 'አበልጃችን ሊመጣ ነው፣ ቤቱን ጥረጊ' አልኳት። ጠረገች። ትኬቱን መለስኩ። ያን ቀን ጠበቅንህ። በማግሥቱም ጠበቅንህ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ 'ዛሬም ልጥረግ?' አለችኝ። ያኔ ነው የሄድኩት።»

ይቅር በለኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ከተጠረገ ቤት ወዲያ ግን አፍሬ ዋጥኩት። አዲስ ለቀስተኞች ሲገቡ ተነሥተን ቆምን፤ መልሰን ተቀመጥን። ደሴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው።

«በኋላ ግን በምን ደፈንካት?» አለኝ።

ነገርኩት። ከዘይት ጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮ፣ ከላይም ከታችም፣ በእርሳስ በይጄ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ጎበዝ» አለኝ። «ሐጂ እስኪሸጧት ድረስ አንድ ጠብታ አላስገባችም አሉ።»